ብቻን የሚኖሩበትን ቤት ማመቻቸት፦ ከደጃፍ እስከ ራስጌ

«ዕቃው ተሟልቷል፣ ቤቱ ግን አልመቸኝም፤ ምን ልጨምርበት?» ብቻቸውን መኖር የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህን ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ «ከመጨመርዎ በፊት ያለውን ቦታ ቦታ ያስይዙት» የሚል ነው። ሁለት ሰው ባለበት ቤት አንዱ ተሸክሞ ሲመጣ ሌላው በር ይከፍታል። አንዱ መሰላል ላይ ሲወጣ ሌላው ከሥር ይይዛል። ድስቱ ሲያር ከሁለት አንዳቸው ይሸታቸዋል፤ ቀድሞ የገባው መብራት ያበራል። ብቻዎን ሲሆኑ እነዚህ ጥቃቅን ሥራዎች ባለቤት ያጣሉ፤ «አልመቸኝም» የሚያሰኘውም አብዛኛውን ጊዜ የእነሱ ድምር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ያንን ሥራ ለአንድ ዕቃ፣ ለአንድ ቦታ ወይም ለአንድ ልማድ ያስረክባሉ።

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይሥሩ። የቀሩትን እንደተመቸዎት ማስቀደም ይችላሉ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ግድግዳ ከመብሳትዎና የበር ቁልፍ ከመቀየርዎ በፊት አከራዩን ያስፈቅዱ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት የለብዎትም። የ1ኛውን ደረጃ ሳይጨርሱ ከደብተርና ከሜትር በስተቀር ምንም ባይገዙ ይሻላል።

- ሜትር፣ እርሳስ፣ በኪስ የሚያዝ ደብተር
- ካቻቢቴ፣ አንዱ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ባለ መስቀል
- ትራፓኖ፣ 8 ሚሊ ሜትር የግድግዳና የሴራሚክ መብሻ፣ 8 ቁጥር ፊሸር፣ አንድ ቱቦ ሲሊኮን
- 2700 ኬልቪን የተጻፈባቸው ኤልኢዲ አምፖሎች፦ 2 ባለ 800 ሉመን፣ 2 ባለ 400 ሉመን
- ሁለት የጠረጴዛ ወይም የቁም መብራት
- በባትሪ የሚሠሩ፣ ሰው ሲያልፍ በራሳቸው የሚበሩ 3 ትናንሽ መብራቶች
- ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ቆጣሪ
- ጀርባው የሚለጠፍ የስፖንጅ ጥብጣብና በር ሥር የሚገጠም መከለያ
- የገላ መታጠቢያ ጎማ ምንጣፍና በብሎን የሚታሰር የእጅ መያዣ ብረት
- መያዣ ያለው ባለ ሁለት እርከን መቆሚያ
- የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ
- የጭስ ማስጠንቀቂያ፤ ቤት ውስጥ ጋዝ፣ እንጨት ወይም ሌላ የሚነድ ነገር ካለ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም
- ከ1.5 እስከ 2 ሊትር የሚይዝ፣ በደንብ የሚገጥም ክዳን ያለው ድስት

1ኛ ደረጃ፦ ሦስት ቀን ይመዝግቡ

ከውጭ ገብተው እስኪተኙ ድረስ አራት ነገር ብቻ ይጻፉ። በእጅዎ የያዙትን የት አኖሩት? በጨለማ ምን ዳበሱ? ምን ለማውረድ ተንጠራሩ? ከተቀመጡ በኋላ ምን ለማምጣት ተነሡ?

አንድ ቀን አይበቃም፤ ሰው በመጀመሪያው ቀን ራሱን ስለሚጠባበቅ የለመደውን አያደርግም። ከሦስቱ ቀናት አንዱ የሥራ ቀን፣ አንዱ ደግሞ ሙሉ ቀን ቤት የሚውሉበት ይሁን። ደብተሩን መልሰው ሲያዩት አንድ ቦታ ሦስት አራት ጊዜ ተደጋግሞ ያገኙታል። ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።

የተለመደ ስሕተት፦ ምዝገባውን ዘሎ ትልቅ ሶፋ መግዛት። ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚመጣ እንግዳ ተብሎ የክፍሉን ጥሩ ቦታ ዓመቱን ሙሉ ይይዛል፤ ባለቤቱ ደግሞ አልጋ ላይ ተቀምጦ ይበላል።

2ኛ ደረጃ፦ ደጃፉን ያሰናዱ

ማታ ሲገቡ ራስዎን ልብ ይበሉ። በአንድ እጅ ፌስታል፣ በሌላው ቁልፍ፣ ጃኬቱ ክንድ ላይ፣ ማብሪያው ደግሞ ከበሩ ጀርባ። የሚቀበል ሰው ስለሌለ ሁሉም ነገር ወለል ላይ ይወርዳል፤ ጠዋት ቁልፍ የሚጠፋውም በዚህ ነው።

ሀ. ከበሩ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ፣ ከወለል ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ዕቃ የሚያርፍበት ቦታ ያዘጋጁ። 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ መደርደሪያ ይበቃል። ከፍታው ወገብ አካባቢ የሆነው ጎንበስ ሳይሉ ፌስታሉን እንዲያሳርፉበት ነው።

ለ. ከመደርደሪያው በላይ ሁለት ማንጠልጠያ ይምቱ፤ አንዱ ለቁልፍ፣ አንዱ ለቦርሳ። የቁልፉ ማንጠልጠያ በመስኮት ወይም በበር ክፍተት እጅ ወይም ሽቦ የማይደርስበት ይሁን።

ሐ. አዲስ የገቡበት ቤት ከሆነ የቁልፉን ሲሊንደር፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትን የመቆለፊያውን ክፍል፣ ይቀይሩ፤ የድሮው ቁልፍ ስንት ሰው እጅ እንዳለ አይታወቅም። በሩን ከፍተው በጠርዙ ላይ ከመቆለፊያው ምላስ ዝቅ ብሎ የሚታየውን ረጅም ብሎን ይፍቱ። ቁልፉን አስገብተው በጥቂቱ ያዙሩት፤ ዙሪያውን ሲሞሉት አይወጣም፣ ትንሽ ዞር ሲል ግን ጥርሱ ከአካሉ ጋር ስለሚስተካከል ሲሊንደሩ ተንሸራቶ ይወጣል። ርዝመቱን ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል ወደ ሁለቱም ጫፍ ለየብቻ ይለኩ፤ ለምሳሌ 30 በ40 ሚሊ ሜትር። ጠቅላላውን ብቻ ለክተው ከገዙ አንዱ ጎን ሊያጥር፣ ሌላው ሊያገጥጥ ይችላል። በውጭ በኩል ከሽፋኑ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ያገጠጠ ሲሊንደር በመሣሪያ ተይዞ ስለሚሰበር አደገኛ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁልፉን ከውስጥ በኩል ሰክተው አይተኙ። በብዙ ሲሊንደሮች ከውስጥ ቁልፍ ካለ ከውጭ ያለው አይሠራም፤ ቢታመሙ ትርፍ ቁልፍ የሰጡት ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሲሊንደር ሲገዙ ውስጥ ቁልፍ ቢኖርም ከውጭ የሚከፈተውን ዓይነት ይጠይቁ።

3ኛ ደረጃ፦ ብርሃኑን ከኮርኒስ ያውርዱ

በትንሽ ድካም ብዙ ለውጥ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መሃል ኮርኒስ ላይ ያለ አንድ አምፖል ክፍሉን ያሳያል እንጂ ክፍሉ ውስጥ አያስቀምጥም። ጥጎቹ ይጨልማሉ፤ ሲያነቡ ወይም ሲከትፉ የራስዎ ጥላ ሥራዎ ላይ ይወድቃል።

ሀ. የአምፖሉን ካርቶን ያንብቡ። ኬልቪን የብርሃኑን ቀለም ይነግራል። 2700 ቢጫ ቀመስና ለዓይን ለስላሳ ነው፤ 4000ና ከዚያ በላይ እየነጣ ይሄዳል፣ ለሥራ እንጂ ለማረፊያ አይሆንም። ሉመን የብርሃኑ መጠን ነው፤ 800 ሉመን የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ይሰጠው የነበረው ብርሃን ነው። ኤልኢዲ ይህን ከ8 እስከ 10 ዋት ባለ ፍጆታ ይሰጣል። በአንድ ክፍል ውስጥ 2700ና 6500 ኬልቪን አያቀላቅሉ፤ አንዱ ሌላውን የታመመ ያስመስለዋል።

ለ. የሚኖሩበትን ክፍል በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ያብሩት። አንዱ 800 ሉመን የቁም መብራት ከመቀመጫው ጀርባ፣ በማይጽፉበት እጅ በኩል ይቁም፤ በቀኝ የሚጽፍ ሰው መብራቱ ከግራ ትከሻው ኋላ ሲሆን የእጁ ጥላ ወረቀቱ ላይ አይወድቅም። ሁለተኛውን 400 ሉመን ከዚህ ተቃራኒ ባለው ጨለማ ጥግ፣ ወደ ግድግዳው አስጠግተው ያኑሩት። ግድግዳ ሲበራ ክፍሉ ይሰፋል።

ሐ. የመብራቱን ቆብ ከፍታ ያስተካክሉ። በተለመደው መቀመጫዎ ተቀምጠው ይመልከቱ። አምፖሉ ራሱ ከታየዎት ቆቡ ከፍ ብሏል። የቆቡ ታችኛ ጠርዝ ከዓይንዎ ጋር እኩል ይሁን፤ ለብዙ ሰው ይህ ከወለል ከ100 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር ነው።

መ. ከመብራቶቹ አንዱን በቆጣሪው ሶኬት ላይ ይሰኩ። ከመግቢያ ሰዓትዎ 30 ደቂቃ ቀድሞ እንዲበራ፣ ከመኝታ ሰዓትዎ በኋላ እንዲጠፋ ያድርጉት። በጨለማ ቤት ውስጥ መግባት ይቀራል ማለት ነው። ለጉዞ ሲወጡም ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል። ቆጣሪው ላይ ማሞቂያ ወይም ካውያ አይሰኩ፤ ባልኖሩበት ሰዓት የሚበራ ማሞቂያ እሳት ነው።

ሠ. መጋረጃውን ሲመሽ ይዝጉ። ውጭ ጨልሞ ውስጥ ሲበራ የመስኮቱ መስታወት ለእርስዎ ጥቁር መስተዋት ይሆናል፤ ውጭ ላለ ሰው ደግሞ ቤቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ማታ ማታ «የሚያየኝ አለ» የሚለው ስሜት ሲደጋገም አንዳንዴ ምክንያቱ ይኸው ነው። የመጋረጃው ዘንግ ከመስኮቱ በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይረዝም፤ ቀን ላይ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ስለሚሰበሰብ ብርሃን አይሻማም።

ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ ከገጠሙ አምፖሉም ለዚያ የተሠራ መሆኑን ካርቶኑ ላይ ያረጋግጡ። ካልሆነ ይንቀጠቀጣል፣ ጥዝ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ቶሎም ይቃጠላል።

4ኛ ደረጃ፦ የሌሊቱን መንገድና መታጠቢያውን

ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት ያለው መንገድ በእንቅልፍ ልብ የሚሄዱበት ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ቢወድቅ ድምፁን የሚሰማ የለም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አይቆጥቡ።

ሀ. በዚህ መንገድ ላይ ገመድ፣ ጫማና ጠርዙ የተገለበጠ ምንጣፍ እንዳይኖር ያድርጉ። ምንጣፉ የግድ ካስፈለገ ከሥሩ የማያንሸራትት ጎማ ያንጥፉ።

ለ. በራሳቸው የሚበሩትን መብራቶች ከወለል ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይለጥፉ፦ አንዱን ከአልጋው እግር አጠገብ፣ አንዱን መተላለፊያው መሃል፣ አንዱን መታጠቢያው በር ላይ። ዝቅ ብሎ የተለጠፈ ብርሃን እግርዎ የሚያርፍበትን ያሳያል፤ ዓይንዎን ስለማይወጋም ተመልሶ መተኛት አያስቸግርም። የመጀመሪያውን ሲለጥፉ አልጋው ላይ ተኝተው ይገላበጡ። በተገላበጡ ቁጥር ከበራ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዙሩት።

ሐ. መታጠቢያው ውስጥ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ጎማ ምንጣፍ ያንጥፉ። ከተጠቀሙ በኋላ አንሥተው ያንጠልጥሉት፤ ከሥሩ ውሃ የተኛበት ምንጣፍ ይሻግታል፣ የሻገተ ደግሞ ራሱ ያንሸራትታል።

መ. የእጅ መያዣውን ብረት በብሎን ይሰሩ። ከወለል ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለብዙ ሰው ይመቻል፤ የራስዎን ለማወቅ ጫማ አውልቀው ይቁሙና ክርንዎን ትንሽ አጥፈው እጅዎ የሚያርፍበትን ምልክት ያድርጉ። ሴራሚክ ላይ የሚበሱ ከሆነ፦

- ከቧንቧ በላይና በታች፣ ከሶኬትና ከማብሪያም በላይ፣ በታችና በጎን በቀጥታ መስመር አይብሱ፤ ቧንቧና ሽቦ ግድግዳ ውስጥ የሚሄዱት በዚያ ነው።
- ምልክቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፤ መብሻው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል።
- ትራፓኖውን ከመምታት ስልት አውጥተው በዝግታ በማሽከርከር ብቻ ይጀምሩ። እየመታ ከበሳ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ሴራሚኩ አልፎ ሲሚንቶው ላይ ሲደርሱ ወደ ግድግዳ መብሻው ይቀይሩ።
- አቧራውን አውጥተው ቀዳዳው ውስጥ ጥቂት ሲሊኮን ያስገቡ፣ ፊሸሩን ይምቱ፣ ብረቱን ይሰሩ። ሲሊኮኑ ውሃ ወደ ግድግዳው እንዳይገባ ይዘጋል።
- ሲሊኮኑ ሲደርቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ በሙሉ ኃይልዎ ጎትተው ይፈትሹት።

ማስጠንቀቂያ፦ በአየር መምጠጫ የሚለጠፉ መያዣዎች ክብደት ለመሸከም አይታመኑም። ሳሙናና እርጥበት ሲነካቸው ባላሰቡት ሰዓት ይላቀቃሉ። ግድግዳው ሲያንኳኩት ባዶ የሚጮህ ከሆነም ተራ ፊሸር አይይዝም፤ ባለሙያ ይጥሩ።

ሠ. ብቻዎን ሲሆኑ የመታጠቢያውን በር አይቆልፉ። ስልክዎን ይዘው ይግቡ፣ ግን ከፍ ካለ መስታወት ሥር ሳይሆን ወለል ላይ ሆነው እጅዎ የሚደርስበት ዝቅተኛና ደረቅ ቦታ ያኑሩት።

5ኛ ደረጃ፦ አንድ መቀመጫ ያሟሉ

ሦስት ጥሩ ያልሆኑ መቀመጫዎች ከሚኖርዎት አንድ የተሟላ ይኑርዎት። ተቀምጠው ክንድዎን ይዘርጉ፤ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ክብ ውስጥ ሊገኙ የሚገባቸው፦ መብራቱን ማብሪያ፣ ብርጭቆ የሚያርፍበት ቦታ፣ ሶኬት፣ ብርድ ልብስ፣ እና በ1ኛው ደረጃ «ለማምጣት ተነሣሁ» ብለው የጻፉት ሁሉ። የሚያቀብል ሰው የለምና።

የሚበሉበት ቦታ ከዚህ የተለየ ቢሆን ይመረጣል። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ለአንድ ሰው ይበቃል። ከወንበሩ መቀመጫ እስከ ጠረጴዛው ገጽ ከ28 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይኑር፤ ከዚህ ካነሰ ጉልበት ይጋጫል፣ ከበለጠ ትከሻ ይነሣል። ጠረጴዛውን ፊት ለፊት ባዶ ግድግዳ እንዲያዩ አድርገው አያስጠጉት። ወደ መስኮት ወይም ወደ በሩ ይዙር።

6ኛ ደረጃ፦ ድምፁን ያስተካክሉ

ክፍሉ መሃል ቆመው አንዴ ያጨብጭቡ። ድምፁ ጭብጨባውን ተከትሎ ከጮኸ ክፍሉ ያስተጋባል፤ «ባዶ ባዶ ይለኛል» የሚያሰኘው ባዶነቱ ብቻ ሳይሆን ይህም ነው። ወፍራም ምንጣፍ፣ ወለል የሚነካ መጋረጃና መጻሕፍት የሞሉት መደርደሪያ ማስተጋባቱን ይውጡታል። እያንዳንዱን ሲጨምሩ እንደገና ያጨብጭቡ፤ ለውጡ ሲቆም እርስዎም ይቁሙ።

ከውጭ የሚመጣ ጫጫታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መጋረጃ አያስቆመውም። እሱ በብዛት የሚገባው በክፍተት ነው። ወረቀት በበሩና በመቃኑ መካከል አድርገው በሩን ይዝጉና ይጎትቱት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ እዚያ ጋ ክፍተት አለ። መቃኑን በአልኮል ጠርገው ያድርቁ፤ ከዚያ የስፖንጅ ጥብጣቡን ሳይወጥሩ ይለጥፉ። ተወጥሮ የተለጠፈ ጥብጣብ ወደ ልኩ ሲመለስ ጫፉ ይላቀቃል። በሩ ለመዘጋት ካስቸገረ ጥብጣቡ ወፍሯል፤ ቀጭን ይግዙ እንጂ በሩን እየገፉ አይልመዱት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤት ውስጥ የሚነድ ነገር ካለ የአየር መግቢያዎችን አይድፈኑ። ምክንያቱ 9ኛው ደረጃ ላይ አለ።

ፍሪጁ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ እግሮቹን እያዞሩ ያስተካክሉ፤ ከኋላው ካለው ግድግዳ 5 ሴንቲ ሜትር ያርቁት።

7ኛ ደረጃ፦ አልጋውና አየሩ

120 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፍራሽ ለአንድ ሰው መገላበጫ አለው፤ አንሶላውንም አንድ ሰው ሳይዞር ሊያነጥፈው ይችላል። በሚወርዱበት ጎን ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ነፃ ወለል ይኑር። ሌላውን ጎን ወደ ግድግዳ ማስጠጋት ይቻላል፣ ግን ግድግዳው የውጭ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያርቁት። ቀዝቃዛ ግድግዳና የሚተነፍስ ሰው አንድ ላይ ሲሆኑ ከፍራሹ ጀርባ ሻጋታ ይበቅላል፤ ለቁም ሳጥንም እንዲሁ ነው።

ብቻውን የሚተኛ ሰው ሁልጊዜ አንድ ጎን ይይዛልና በየ3 ወሩ የፍራሹን ራስጌ ወደ ግርጌ ያዙሩ። ኮመዲኖው ላይ ሳይነሡ የሚያጠፉት መብራት፣ ውሃ፣ ስልክና የእጅ ባትሪ ይኑር።

የእርጥበት መለኪያው ከ40 እስከ 60 በመቶ ሲያሳይ ጥሩ ነው። ከ60 በላይ ከቆየ በቀን ሁለት ጊዜ ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶችን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ወለል አድርገው ይክፈቱ። ይህ አንዱን መስኮት ቀኑን ሙሉ ገርበብ ከማድረግ ይሻላል፤ አየሩ ይቀየራል፣ ግድግዳው ግን አይቀዘቅዝም። ልብስ ክፍል ውስጥ ካሰጡ ውሃው በሙሉ ወደ አየሩ ይገባል፤ መስኮት ያለው አንድ ክፍል መርጠው በሩን ይዝጉ፣ መስኮቱን ይክፈቱ።

8ኛ ደረጃ፦ የአንድ ሰው ማእድ ቤት

በትልቅ ድስት ትንሽ ምግብ ሲሠሩ መረቁ ሥሩ ላይ ስስ ሆኖ ይዘረጋል፣ ቶሎ ይተናል፣ ያራል። ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ድስትና ከ20 እስከ 24 ሴንቲ ሜትር መጥበሻ ለአንድ ሰው ይበቃሉ።

የአንድ ጊዜ ከመሥራት የሁለት ጊዜ ይሥሩ፤ ድካሙ አንድ ነው። ትርፉን ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት በጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ ያድርጉት፤ ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ያለ ምግብ መሃሉ ሳይቀዘቅዝ ብዙ ስለሚቆይ ይበላሻል። ከተሠራ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች ይሁን፤ በዚያ ሙቀት የበሰለ ምግብ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ቀኑን ክዳኑ ላይ ይጻፉ። «መቼ ነው የሠራነው?» ብለው የሚጠይቁት ሰው የለም።

ምድጃው ሲበራ ሰዓት ቆጣሪ ኪስዎ ውስጥ ይኑር፤ ማእድ ቤት የተረሳ ቆጣሪ ሌላ ክፍል አይሰማም። ሲጠብሱ የመጥበሻውን ልክ ክዳን ከጎንዎ ያኑሩ። ዘይት እሳት ከያዘ ክዳኑን ይድፉበት፣ ምድጃውን ያጥፉ፣ እስኪቀዘቅዝ አይክፈቱት። ውሃ በፍጹም አይድፉበት፤ የተቃጠለው ዘይት ተረጭቶ እሳቱ ወደ ላይ ይነሣል።

በየቀኑ የሚጠቀሙበትን ሁሉ ከጉልበት በላይ ከትከሻ በታች ይደርድሩ። ከትከሻ በላይ ያለውን ለማውረድ ባለ ሁለት እርከኑን መቆሚያ እንጂ ወንበር አይጠቀሙ፤ ሲወጡም ስልክዎ ኪስዎ ውስጥ ይሁን።

9ኛ ደረጃ፦ ቤቱ ራሱን ይጠብቅ

የጭስ ማስጠንቀቂያውን ኮርኒስ ላይ፣ ከግድግዳ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ በመኝታውና በቀረው ቤት መካከል ይስቀሉ። ከምድጃው 3 ሜትር ያህል ይራቅ፤ በየጥብሱ የሚጮህ ከሆነ ባትሪውን አውጥተው ይረሱታል። በወር አንዴ ቁልፉን ተጭነው ይፈትሹት። በየደቂቃው አካባቢ አንድ አጭር ጩኸት ማሰማት ከጀመረ ባትሪው አልቋል። ራሱ መሣሪያው ከ10 ዓመት በኋላ ይቀየራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል፣ ከዚያ ይገድላል። ሁለተኛ ሰው ቢኖር ፈዘው ሲያይ መስኮት ይከፍት ነበር። የከሰል ምድጃና ጄኔሬተር ቤት ውስጥ አያስገቡ፤ መስኮት መክፈት ብቻውን አያድንም። ራስ ምታት ከቤት ሲወጡ ተሽሎ ሲገቡ የሚመለስ ከሆነ ይውጡና ባለሙያ ይጥሩ።

ዋናውን የውሃ መዝጊያ ያግኙ። ክብ ሳራቺኔስካ ከሆነ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ይዘጋል። ረጅም እጀታ ያለው ከሆነ እጀታው ከቧንቧው ጋር መስቀል ሲሠራ ተዘግቷል። በየ6 ወሩ አንዴ ዘግተው ይክፈቱት፤ ሳይነካ የኖረ መዝጊያ ውሃ ሲፈነዳ አይዞርም። ብሬከሮቹ ላይ የየትኛው ክፍል እንደሆኑ ይጻፉ። ማሞቂያ በቀጥታ ግድግዳ ሶኬት ላይ ይሰኩ፣ ከመጋረጃና ከአልጋ 1 ሜትር ያርቁ። የቆመ ቁም ሳጥንና ረጅም መደርደሪያ ላዩ ላይ ከግድግዳው ጋር ይታሰር።

10ኛ ደረጃ፦ የሚጠይቅ ሰው

ይህን ዕቃ አይተካውም። ከአንድ ሰው ጋር ሦስት ነገር ይስማሙ፦ በየቀኑ በስንት ሰዓት አንድ መልእክት እንደሚልኩ፣ ከስንት ሰዓት ዝምታ በኋላ እንደሚደውል፣ ስልክ ካልተነሣ ምን እንደሚያደርግ። «እንጠያየቃለን» ብቻ የተባለ ስምምነት ሁለቱም ወገን ሌላውን ሲጠብቅ ይረሳል። ጠዋት ከአልጋ እንደተነሡ አንድ ምልክት መላክ ይበቃል፤ ሌሊቱ አልፏል ማለት ነው። ለዚያ ሰው፣ ወይም በቅርብ ለሚኖር ሌላ ለሚያምኑት ሰው፣ ትርፍ ቁልፉን ይስጡ። ከምንጣፍ ወይም ከአበባ ማሰሮ ሥር አይደብቁ።

የደም ዓይነትዎን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የማይስማማዎትንና የሚደወልለትን ሰው ቁጥር ስልክዎ ሳይከፈት በሚታየው የአደጋ ጊዜ መረጃ ላይ ይሙሉ፤ በወረቀትም ጽፈው ፍሪጁ በር ላይ ይለጥፉ።

ሲሠራ የሚያጋጥሙ ችግሮች

መብራቱን ቀይሬ ክፍሉ ጨለመብኝ፦ 400 ሉመን ብቻውን አይበቃም። የቁሙን መብራት ወደ 800 ከፍ ያድርጉ፣ የጥጉን መብራት ወደ ግድግዳው የበለጠ ያስጠጉ።

ጥብጣቡን ከለጠፍኩ በኋላ መስኮቱ ውሃ ያልባል፦ ቤቱ ታፍኗል። የእርጥበት መለኪያውን ይመልከቱ፤ ጠዋትና ማታ አየር ይቀይሩ፣ ሲያበስሉና ገላዎን ሲታጠቡ በር ዘግተው መስኮት ይክፈቱ።

ቁም ሳጥኑን ብቻዬን ማንቀሳቀስ አልቻልኩም፦ ባዶ ያድርጉት፣ መሳቢያዎቹን ያውጡ። አንዱን ጎን በጥቂቱ ከፍ አድርገው የታጠፈ ብርድ ልብስ ከሥሩ ያስገቡ፣ በሌላውም ጎን እንዲሁ። ከዚያ ዝቅ ብለው ከታችኛው ግማሽ ይግፉ፤ ከላይ ከገፉት ይገለበጣል። ደረጃ ላይ ግን ብቻዎን አይሞክሩት።

ቆጣሪው መብራቱን በተሳሳተ ሰዓት ያበራል፦ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚሽከረከረው ዓይነት ቆጣሪ ይቆማል፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ከያንዳንዱ መቋረጥ በኋላ ሰዓቱን ያስተካክሉ፤ መቋረጡ የሚደጋገም ከሆነ የራሱ ባትሪ ያለውን ይግዙ።